የአየርላንድን ድንበር ወደ ባሕር የወሰደው የፓርላማ ወንበር

ጥያቄ፦ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የዜጎች መብት፣ የወደፊቱ ንግድ፣ ስንትና ስንት ከባድ ጉዳይ ነበረ። ታዲያ የአየርላንድ ድንበር ብቻውን ድርድሩን ለዓመታት አንቆ የያዘው ለምንድን ነው? በካሜራና በኮምፒውተር መቆጣጠር አይቻልም ነበር? አሁንስ ጉዳዩ አብቅቷል?

ምላሽ፦ ጠያቂያችን፣ ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልንገርዎት። ድርድሩ የታነቀው የለንደን መንግሥት አብረው ሊቆሙ የማይችሉ ሦስት ቃሎችን ለሦስት የተለያዩ ወገኖች ስለሰጠ ነው። ከሦስቱ የትኛው ቃል እንደሚታጠፍ የወሰነው ደግሞ የጉምሩክ ባለሙያ ምክርም የድንበሩ ነዋሪ ፍላጎትም አልነበረም፤ በየወቅቱ በለንደን ፓርላማ ውስጥ የነበረው የወንበር ቁጥር ነው። ይህ ካልተያዘ በ2016 እና በ2020 መካከል የሆነው ሁሉ መላ ቅጡ የጠፋ ግርግር መስሎ ይታያል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቦታውን እንይ። የአየርላንድ ደሴት በ1921 ለሁለት ስትከፈል በሰሜን ምሥራቅ ያሉት ስድስት አውራጃዎች ከብሪታንያ ጋር ቀሩ፤ የተቀሩት ሃያ ስድስቱ ከጊዜ በኋላ ሪፐብሊክ ሆኑ። በመካከል ያለው መስመር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የተሰመረው የጥንት አውራጃዎችን ወሰን ተከትሎ ስለሆነ የአንድ ገበሬ ማሳ ለሁለት ይከፍላል፣ በመንደር መሐል ያልፋል። ከክሎንስ ወደ ካቫን የሚወስደው መንገድ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ አራት ጊዜ ድንበሩን ያቋርጣል። ሁለቱ መንግሥታት ቆጥረው የተስማሙባቸው የመኪና መሻገሪያዎች ከ200 በላይ ናቸው።

በዚህ መስመር ላይ የጉምሩክ ኬላ የተተከለው በ1923 ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ገደማ በዘለቀው ግጭት፣ 3,500 ያህል ሰው ባለቀበት፣ ኬላዎቹ የታጣቂዎች ዒላማ ሆኑ። የብሪታንያ ጦር ትንንሾቹን መንገዶች በፈንጂ ቆፈረ፣ በኮንክሪት ዘጋ፤ በደቡብ አርማ ኮረብታዎች ላይ የወታደር ማማዎች ቆሙ። የጉምሩክ ፍተሻው የቀረው የአውሮፓ የጋራ ገበያ በ1993 ሲጀመር ነው። የወታደሩ ኬላና ማማ የተነሣው ደግሞ ኤፕሪል 10 ቀን 1998፣ በስቅለት ዓርብ፣ ግጭቱን ያበቃው የቤልፋስት ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው።

ስለዚህ ስምምነት ብዙ ጊዜ ተጋንኖ ይነገራልና አንድ ነገር ላጥራ። በጽሑፉ ውስጥ የጉምሩክ ኬላ እንዳይቆም የሚከለክል አንቀጽ የለም። ሊኖርም አይችልም ነበር፤ ሁለቱም አገሮች የኅብረቱ አባላት ስለነበሩ በ1998 የጉምሩክ ነገር የማንም ራስ ምታት አልነበረም። ስምምነቱ የቆመው ግን በዚያው ባልተጻፈ መሠረት ላይ ነው። በሰሜን አየርላንድ የተወለደ ሰው ብሪታኒያዊ ነኝ፣ አየርላንዳዊ ነኝ ወይም ሁለቱንም ነኝ የማለት መብት አገኘ። ድንበሩ በዓይን የማይታይ ስለነበር ይህ መብት በዕለት ኑሮው ውስጥ እውነት ሆነለት። ከደቡቡ ጋር መዋሐድን የሚሻው ብሔርተኛ ወደ ደቡቧ ከተማ ዱንዶክ ሲነዳ አገሩ ውስጥ እንዳለ ይሰማዋል፤ ከብሪታንያ ጋር የአንድነት ደጋፊው ደግሞ ወደ ግላስጎው በመርከብ ሲሻገር እንዲሁ። ብሬግዚት (የብሪታንያ ከኅብረቱ መውጣት) ከሁለቱ የአንዱን ሰው መንገድ በፍተሻ መዝጋቱ ግድ ነበር።

ካሜራውና ኮምፒውተሩ ለምን እንደማይበቁ በአንድ የወተት ቦቴ እንየው። በሰሜን አየርላንድ ከሚታለበው ወተት ሲሶው ያህል ወደ ደቡብ ተሻግሮ ነው ቅቤ፣ አይብና የወተት ዱቄት የሚሆነው። ቦቴው ከታይሮን እርሻ ወተት ጭኖ በጠዋት ይነሣል፤ ሾፌሩ ድንበሩን ያለፈው የመንገዱ ፍጥነት ምልክት ከማይል ወደ ኪሎ ሜትር ሲቀየር ያውቅ ይሆናል እንጂ ማንም አያስቆመውም። ሰሜን አየርላንድ ከኅብረቱ ሕግ ሙሉ በሙሉ ከወጣች ግን ያ ወተት ከኅብረቱ ውጭ ካለ አገር እንደገባ ዕቃ ይቆጠራል። ዲክላራሲዮን ይሞላበታል፤ ቀረጥ ካለው ይከፈልበታል፤ የምርት አገሩ ይረጋገጣል፤ የእንስሳት ሐኪም የፈረመበት የጤና ሰርተፍኬት ይቀርብበታል። ወረቀቱን በኮምፒውተር አስቀድሞ መላክ ይቻላል። ካሜራውም ታርጋውን ያነባል። ወተቱን ቀድቶ የሚመረምር ግን የሰው እጅ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የሚቆምበት ቦታ፣ ቦቴው የሚቆምበት ሜዳ ያስፈልገዋል። ኖርዌይና ስዊድን በዓለም ዘመናዊ ከሚባሉት የጉምሩክ አሠራሮች አንዱ አላቸው፤ ኖርዌይ የምርት ደንብ አንድ በሆነበት የጋራ ገበያ ውስጥም አለች። ከጉምሩክ ኅብረቱ (አባላቱ እርስ በርስ ቀረጥ ከማይጠይቁበት፣ ከውጭ ለሚገባ ዕቃ አንድ ዓይነት ቀረጥ ከሚያስከፍሉበት) ውጭ በመሆኗ ብቻ ዛሬም በሁለቱ አገሮች ድንበር ስቪንሱንድ ላይ የጭነት መኪኖች በጉምሩክ ጣቢያ በኩል ያልፋሉ።

ቴክኒኩ ቢሟላ እንኳ ሌላ ነገር ነበረ። የያኔው የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ አዛዥ ጆርጅ ሃሚልተን በድንበሩ ላይ የሚተከል ማንኛውም ነገር የታጣቂ ቅሪቶች ዒላማ እንደሚሆን አስጠንቅቀው ነበር። ካሜራ ይሰበራል፤ ካሜራውን የሚጠብቅ ፖሊስ ይመደባል፤ ፖሊሱን የሚጠብቅ ወታደር ይከተላል። በድንበሩ አካባቢ ላደገ ሰው ይህ የመላምት ጨዋታ ሳይሆን የልጅነቱ ትዝታ ነው።

እንግዲህ ሦስቱ ቃሎች እነዚህ ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ጃንዋሪ 17 ቀን 2017 በላንካስተር ሐውስ ባደረጉት ንግግር ከጋራ ገበያውና ከጉምሩክ ኅብረቱ እንደሚወጡ ለፓርቲያቸው የብሬግዚት ደጋፊዎች ቃል ገቡ። ለደብሊንና ለሰሜኑ ብሔርተኞች በድንበሩ ላይ ኬላ እንደማይመለስ ቃል ገቡ። ለአንድነት ደጋፊዎቹ ደግሞ ቤልፋስት ከለንደን የተለየ ሕግ እንደማይኖራት አረጋገጡላቸው። ሁለቱን ብቻ መጠበቅ ይቻላል፤ የትኞቹንም ሁለት። ሦስቱን አንድ ላይ የሚጠብቅ ሥርዓት ግን ማንም አልሠራም። መላ ብሪታንያ የጋራ ገበያውም የጉምሩክ ኅብረቱም ውስጥ ብትቆይ ኖሮ ድንበር በየብስም በባሕርም ባላስፈለገ ነበር። በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ 51.9 በመቶው መራጭ «እንውጣ» ሲል በወረቀቱ ላይ የቀረበለት ጥያቄ ስለ ጉምሩክ ኅብረት ምንም አይልም፤ በሰሜን አየርላንድ ደግሞ 55.8 በመቶው «እንቆይ» ነበር ያለው። በእኔ ግምት ከዚያ በኋላ የመጣውን መከራ ሁሉ የወለደው የላንካስተር ሐውሱ ንግግር ነው። ሜይ ያን በር የዘጉት ድርድሩ ሳይጀመር፣ ማንም ሳያስገድዳቸው ነበር።

ደብሊን በተቃራኒው ጊዜ አላባከነችም። የሕዝበ ውሳኔው ውጤት እንደታወቀ ዲፕሎማቶቿ ከዋና ከተማ ወደ ዋና ከተማ እየተዘዋወሩ ጉዳዩን አስረዱ። ኤፕሪል 29 ቀን 2017 የኅብረቱ መሪዎች የድርድር መመሪያቸውን ሲያጸድቁ የአየርላንድ ድንበር ከገንዘቡና ከዜጎች መብት ጋር በመጀመሪያው ምዕራፍ ውስጥ ገባ፤ ስለ ወደፊቱ ንግድ ለመነጋገር በእነዚህ ላይ በቂ መግባባት መድረስ ግዴታ ሆነ። የብሪታንያው ተደራዳሪ ዴቪድ ዴቪስ በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ብርቱ ክርክር እንደሚገጥሙ ሲዝቱ ሰንብተው ጁን 19 ቀን ድርድሩ በተከፈተበት ዕለት ተቀበሉት። ብዙዎች አሁንም የኅብረቱ ዋና ተደራዳሪ ሚሼል ባርኒየር ድንበሩን እንደ መሣሪያ ተጠቀሙበት ይላሉ። ተጠቅመውበታል፤ ማንም ተደራዳሪ ይጠቀምበታል። ይሁን እንጂ ለንደን ሳትረዳው የቀረችው ቀላል ነገር ነበር፦ ኅብረቱ የሚቀረውን አባሉን ጥሎ ለሚወጣው አባል ቢያደላ ለቀሩት ትንንሽ አገሮች ሁሉ ዋስትናው ይናጋ ነበር። ለንደን በርሊንንና ፓሪስን ብናባብል ደብሊን ብቻዋን ትቀራለች ብላ ሁለት ዓመት ጠበቀች። አልሆነም።

አሁን ወደ ወንበሮቹ እንምጣ። ሜይ አብላጫቸውን ለማስፋት ብለው ጁን 8 ቀን 2017 ምርጫ ጠሩና የነበራቸውንም አጡ። ሥልጣን ላይ ለመቆየት የሰሜን አየርላንዱ ዴሞክራሲያዊ የአንድነት ፓርቲ፣ በአጭር ስሙ ዲዩፒ፣ 10 ድምፅ አስፈለጋቸው። በወሩ መጨረሻ ለሰሜን አየርላንድ ተጨማሪ 1 ቢሊዮን ፓውንድ የሚያስገኝ ስምምነት ተፈረመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሦስቱ ቃሎች ሦስተኛውን ማጠፍ መንግሥትን ማፍረስ ማለት ሆነ።

ይህ በግልጽ የታየው ዲሴምበር 4 ቀን 2017 ነው። ሜይ ብራስልስ ከኅብረቱ አስፈጻሚ አካል፣ ከአውሮፓ ኮሚሽን፣ ፕሬዚዳንት ዣን ክሎድ ዩንከር ጋር ለምሳ ተቀምጠዋል፤ ጽሑፉ አልቋል ማለት ይቻላል። ሰሜን አየርላንድ ከኅብረቱ ሕግ ጋር ተጣጥማ እንደምትቀጥል የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ግን ከሰዓታት በፊት ለአየርላንድ ጋዜጠኞች ሾልኮ ወጥቶ ነበር። የዲዩፒዋ መሪ አርሊን ፎስተር የሰሜን አየርላንድ ምክር ቤት በሚገኝበት በስቶርሞንት በካሜራ ፊት ቆመው እንደማይቀበሉት ተናገሩ። ሜይ ከምሳው ተነሥተው በስልክ አነጋገሯቸው። ተመልሰው ሲመጡ የሚፈረም ነገር አልነበረም። አራት ቀን ሙሉ ሌት ተቀን ተሠርቶ ዲሴምበር 8 ቀን ንጋት ላይ የወጣው የጋራ ሰነድ የተስማማው ሁለቱን ተቃራኒዎች ጎን ለጎን በመጻፍ ነው። 49ኛው አንቀጽ ሌላ መፍትሔ ካልተገኘ ከጋራ ገበያውና ከጉምሩክ ኅብረቱ አስፈላጊ ደንቦች ጋር ሙሉ መጣጣም እንደሚኖር ይላል። 50ኛው ደግሞ በሰሜን አየርላንድና በቀሪው ብሪታንያ መካከል ያለ አካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ አዲስ እንቅፋት እንደማይኖር ይላል። በድርድር ሙያ እንዲህ ያለ አድበስባሽ ጽሑፍ የታወቀ ነው፤ ጊዜ ይገዛል። ጊዜው ሲያልቅ ግን ከነወለዱ ይጠየቃል።

ጊዜው ለማለቅ ሦስት ወር አልፈጀበትም። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2018 ኮሚሽኑ 49ኛውን አንቀጽ ወደ ሕግ ቋንቋ ለውጦ ሰሜን አየርላንድን ብቻ በኅብረቱ የጉምሩክ ክልል የሚያስቀር ረቂቅ ሲያወጣ፣ ሜይ ማንም የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ይህን ሊቀበል እንደማይችል በፓርላማ አስታወቁ። መውጫ ያደረጉት መላ ብሪታንያን በጊዜያዊ የጉምሩክ ክልል ውስጥ የሚያቆይ መጠባበቂያ ዋስትና ነው። ብዙ ሰው ይህን ዋስትና ብራስልስ የጫነችው ይመስለዋል። መላ አገሪቱን እንዲሸፍን የጠየቀችው ለንደን ናት፤ ኅብረቱማ ብሪታንያ የአባልነት ግዴታ ሳይኖርባት የገበያው ተጠቃሚ ትሆናለች ብሎ በማመንታት ነው የተቀበለው። ሜይ በዚያ የ10 ወንበሮች ሒሳብ ተይዘው ድንበሩን ከባሕር ለማራቅ ሲሉ መላ አገራቸውን ከጉምሩክ ኅብረቱ ጋር አሰሩ። የመጀመሪያው ቃል ታጠፈ፤ የፓርቲያቸው ሰዎችም ሸፈቱ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጄፍሪ ኮክስ ዋስትናው ማብቂያ ላይኖረው እንደሚችል የጻፉት ምክር ይፋ ሲወጣ ነገሩ ይበልጥ ከረረ። ስምምነቱ ጃንዋሪ 15 ቀን 2019 በ432 ለ202፣ ማርች 12 ቀን በ391 ለ242፣ ማርች 29 ቀን በ344 ለ286 ወደቀ። ዲዩፒ ሦስቱንም ጊዜ ተቃወመ። እኔ እስከ ዛሬ የሚያስቆጨኝ ይህ ነው፤ ሜይ ለዚህ ፓርቲ ሲሉ ያረቀቁት ጽሑፍ ቤልፋስትን ከለንደን ሳይለይ የሚያቆይ የመጨረሻው ዕድል ነበር።

በኋላ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ሜይን የተኩት ቦሪስ ጆንሰን በኖቬምበር 2018 በዲዩፒ ጉባኤ ላይ ተገኝተው በሰሜን አየርላንድና በብሪታንያ መካከል የጉምሩክ ቁጥጥር የሚያኖር ስምምነት ማንም የወግ አጥባቂ መንግሥት ሊፈርም እንደማይችል ተናግረው በጭብጨባ ተሸኙ። ዓመት ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 2019፣ ከአየርላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዮ ቫራድካር ጋር በዊራል አንድ የሆቴል ግቢ ውስጥ ለብቻቸው ተነጋገሩ፤ በሳምንቱ በዚያው ተስማሙ። የሰሜን አየርላንድ ፕሮቶኮል በተባለው በዚህ ውል ሰሜን አየርላንድ በስም በብሪታንያ የጉምሩክ ክልል ውስጥ ትቆያለች፤ በተግባር ግን የኅብረቱ የጉምሩክና የምርት ደንብ ይሠራባታል፤ ፍተሻው ላርንና ቤልፋስት ወደቦች ላይ ይሆናል። በአራት ዓመት አንዴ የስቶርሞንት ምክር ቤት በተራ አብላጫ ድምፅ ይቀጥል አይቀጥል ይላል። ዲዩፒ ኦክቶበር 19 ቀን 10 ድምፁን ከተቃዋሚዎች ጋር ሲያውል የስምምነቱን መጽደቅ የሚያዘገየው ውሳኔ በ322 ለ306 ተላለፈ፤ ከመንግሥት ጋር ቢቆም ኖሮ መንግሥት ያሸንፍ ነበር። የእነዚያ 10 ወንበሮች ጉልበት ያበቃው ያን ቀን ነው። ጆንሰን በዲሴምበር ምርጫ 80 ወንበር ትርፍ አብላጫ አገኙ፤ ከዚያ በኋላ የቤልፋስትን ስልክ የሚያነሣ አልነበረም።

የከፋው ያን የተስማሙበትን ለሕዝቡ አለመንገራቸው ነው። በምርጫው ዘመቻ ሰሞን ሰሜን አየርላንድ ላሉ ነጋዴዎች ቅጽ ሙሉ የሚላቸው ካለ እንዲጥሉት ነገሯቸው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ሲደርስ ቅጹ መጣ። ከእንግሊዝ የድንች ዘርና አፈር የያዘ ችግኝ ማምጣት ተከለከለ፤ ከሱፐርማርኬት የሚላክ እያንዳንዱ የምግብ ጭነት ሰነድ የሚጠየቅበት ሆነ፤ ብዙ የእንግሊዝ ሻጮች ወደ ቤልፋስት መላክ አቆሙ። በወሩ መጨረሻ፣ ጃንዋሪ 29 ቀን፣ ኮሚሽኑ ራሱ ክትባት ከኅብረቱ እንዳይወጣ ለመቆጣጠር ሲል፣ ከፕሮቶኮሉ ከፊሉን ለማገድ የሚፈቅደውን 16ኛ አንቀጽ ደብሊንን ሳያማክር ሊጠቀም ተነሥቶ በሰዓታት ውስጥ መለሰው። ለድንበሩ ስንት ዓመት የተሟገተ ተቋም ይህን ማድረጉ ይቅር የሚባል አይደለም፤ ለአንድነት ደጋፊዎቹም «አያችሁ» የሚሉበት ማስረጃ ሰጣቸው። በኤፕሪል ቤልፋስት ላናርክ ዌይ ላይ፣ ሁለቱን ሰፈሮች በሚለየው የሰላም በር አጠገብ፣ ወጣቶች አውቶቡስ አቃጠሉ።

የእነዚህን ሰዎች ቅሬታ ማጣጣል ስሕተት ነው። በ1998 ስምምነት ዋና ዋና ጉዳዮች በሁለቱ ማኅበረሰቦች ፈቃድ እንዲወሰኑ ነበር መግባባት ላይ የተደረሰው፤ ፕሮቶኮሉ ግን በተራ አብላጫ ብቻ ይጸናል። ለዚህ መልስ አለ፤ የውጭ ንግድ ለስቶርሞንት የተሰጠ ሥልጣን ስላልሆነ ያ ደንብ አይመለከተውም። የሕግ ባለሙያን የሚያረካ መልስ ነው፤ በላርን ወደብ አጠገብ ለሚኖር ሰው ግን አገሩ ከመካከሏ በኬላ እንደተቆረጠች ከመሰማት አያድነውም። ዲዩፒ በፌብሩዋሪ 2022 ከአካባቢው መንግሥት ወጥቶ ሁለት ዓመት አፈረሰው። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክና የኮሚሽኑ ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ፎን ደር ላየን ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2023 የተስማሙበት የዊንዘር ማዕቀፍ በሰሜን አየርላንድ ለሚቀር ዕቃ ቀለል ያለ አረንጓዴ መስመር፣ ወደ ደቡብ ሊሻገር ለሚችለው ቀይ መስመር አበጀ። መንግሥቱ የተመለሰው ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2024 ነው፤ የሺን ፌይኗ ሚሼል ኦኒል የመጀመሪያዋ ብሔርተኛ ቀዳማዊ ሚኒስትር ሆኑ።

ለአንባቢዎቻችን የሚጠቅም አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልጨምር። ድንበሩ ክፍት ነው ሲባል ለሁሉም ክፍት ነው ማለት አይደለም። ያለ ቪዛ መመላለስ የሚፈቅደው የጋራ የጉዞ ክልል ለብሪታንያና ለአየርላንድ ዜጎች ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የብሪታንያ ቪዛ ቢኖረውም ከቤልፋስት ወደ ደብሊን ለመሄድ የአየርላንድ ቪዛ ያስፈልገዋል። መንገዱ ላይ ኬላ ባይኖርም የአየርላንድ ፖሊሶች አልፎ አልፎ አውቶቡስና ባቡር ላይ ወጥተው ሰነድ ይጠይቃሉ።

ጉዳዩ አብቅቷል ወይ ላሉት፣ አላበቃም። ዲሴምበር 10 ቀን 2024 የስቶርሞንት ምክር ቤት ሥርዓቱ እንዲቀጥል በ48 ለ36 ወሰነ፤ ከአንድነት ፓርቲዎች የደገፈው የለም። በሁለቱም ማኅበረሰቦች ድጋፍ ቢጸድቅ ኖሮ ለስምንት ዓመት ይቆይ ነበር፤ በተራ አብላጫ ስለሆነ ከአራት ዓመት በኋላ እንደገና ይጠየቃል። በሜይ ወር 19ኛው ቀን 2025 ለንደንና ብራስልስ በምግብና በእንስሳት ጤና ደንቦች ላይ የጋራ ስምምነት ለመዋዋል ተስማምተዋል። ያ ውል ተፈርሞ ሥራ ላይ ሲውል በላርንና በቤልፋስት የሚደረገው የምግብ ፍተሻ አብዛኛው ይቀራል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ግን ብሪታንያ ከጉምሩክ ኅብረቱ ውጭ እስካለች ድረስ አይነካም፤ ለንደን ውስጥ ያለው የሠራተኛ ፓርቲ መንግሥትም ወደዚያ ኅብረት እንደማይመለስ አስታውቋል።